የቫን ጎህ ሸማኔዎች፣ አራት ኪሎ ታትመው

በቀጥታ ልግባ። አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ የቫን ጎህን ሦስት ሥዕሎች አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቅያለሁ። ሦስቱም የገጠር ሸማኔዎች ናቸው። አንዱ ሕትመት በጣም ግሩም ወጥቷል። አንዱ ጥሩ ነው። አንዱ ደግሞ መጀመሪያ ተበላሽቶ እንደገና የታተመ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። የምጽፈው ግን የትም ብታሳትሙ የሚጠቅም ይመስለኛል፣ በተለይ ጨለም ያለ ሥዕል ለማሳተም ላሰበ ሰው።

ቫን ጎህ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው የሱፍ አበባውንና በከዋክብት የተሞላውን ሌሊት ነው። ካፌ ግድግዳ ላይ አለ፣ የስልክ ከቨር ላይ አለ፣ ቲሸርት ላይ አለ። ሸማኔዎቹን ግን አዲስ አበባ ውስጥ የትም ተሰቅለው አላየሁም። ይሄ በጣም ይገርመኛል። ከሥራዎቹ ሁሉ ለኛ የሚቀርቡት እነሱ ናቸውና። አባቴ ሸማኔ ናቸው፤ ከዶርዜ መጥተው ሽሮ ሜዳ ነው የኖሩት። እኔም ያደግሁት የመሸመኛውን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ሥዕሎቹን መጀመሪያ ስልኬ ላይ ሳያቸው ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ እነዚህ ግድግዳችን ላይ መሰቀል አለባቸው አልኩ።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ቪንሰንት ቫን ጎህ እ.ኤ.አ. በ1883 መጨረሻ ኑነን ወደምትባል የደቡብ ኔዘርላንድ መንደር ሄደ። አባቱ እዚያ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። እሱ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፣ የራሱ ገቢ የለውም፣ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ቴዎ ከፓሪስ በሚልክለት ገንዘብ ነው። መንደሯ ውስጥ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ይኖራሉ። ሸማኔዎቹ የሚሠሩት በየጎጇቸው ውስጥ ነው፣ በእጅ፣ ፋብሪካ በየከተማው እየተስፋፋ ባለበት ዘመን። ቫን ጎህ እስከ 1884 አጋማሽ ድረስ ከነሱ አልተለየም። ወደ 10 የሚሆኑ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ሠራ፣ ከዚያ የሚበልጡ ደግሞ በብዕርና በውሃ ቀለም። ድንች በሎቹ የሚባለው ዝነኛ ሥዕሉ እንኳን ገና አልተሠራም፣ እሱ የ1885 ሥራ ነው።

ለቴዎ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ ላይ ሒሳባቸውን ሳይቀር አስቀምጦታል። ተግቶ የሚሠራ ሸማኔ በሳምንት 60 ክንድ ያህል ጨርቅ ይጨርሳል ይላል። እሱ ሲሸምን ሚስቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ክር ትጠቀልላለች፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ነው የሚሠራው። ከዚያ ሁሉ ተርፎ እጃቸው የሚገባው 4 ጊልደር ተኩል (የዚያን ጊዜ የኔዘርላንድ ገንዘብ) አካባቢ ነው። ጨርቁን ለነጋዴው ሲያስረክብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ የምሰጥህ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ይሉታል። ይህን ለአባቴ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ነጋዴው የትም አገር ያው ነው» አሉ። ሽሮ ሜዳም የበዓል ሰሞን እንቅልፍ የለም፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ሌሊቱን ሁሉ ይሠራል። በዓሉ ሲያልፍ ግን ክር የሚያመጣ ሰው ይጠፋል። አሁን ደግሞ ጥለቱን አስመስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከውጭ እየገባ በርካሽ ይሸጣል። አንድ ሸማኔ ብዙ ቀን የሚደክምበትን ጥበብ ማሽኑ በደቂቃ ያትመዋል፣ ገዢውም ከሩቅ አይለየውም።

ወደ ሕትመቱ ልመለስ። የመረጥኳቸው ሦስቱ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው በክፍት መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ሸማኔ ነው፣ ዋናው ሙኒክ፣ ኖየ ፒናኮቴክ ሙዚየም ነው ያለው። በመስኮቱ በኩል የመንደሯ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ይታያል፣ ሜዳው ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትሠራለች። ሁለተኛው ቦስተን ያለው ነው። ሸማኔው ወደ ግራ ዞሮ ይሠራል፣ አጠገቡ ክር መጠቅለያ መንኮራኩር አለ። ሦስተኛው በብዕር የተሠራ ነው፣ አምስተርዳም ቫን ጎህ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እሱ ላይ ከመሸመኛው አጠገብ ከፍ ባለ የሕፃን ወንበር ላይ ሕፃን ተቀምጧል።

ሦስተኛውን የመረጥኩት በዚያ ሕፃን ምክንያት ነው። ቫን ጎህ በሌላ ደብዳቤው ስለ አንድ አሮጌ የወይራማ ቀለም ያለው የኦክ እንጨት መሸመኛ ይጽፋል። እንጨቱ ላይ 1730 የሚል ዓመተ ምሕረት ተቀርጿል። እሱ ሲያየው እንግዲህ ዕቃው 154 ዓመት አገልግሏል ማለት ነው። እዚያው መስኮት ስር የሕፃን ወንበር አለ፣ ሕፃኑም ወዲያና ወዲህ የምትበረውን መወርወሪያ ሰዓታት ሙሉ ያያል ይላል። እኔም፣ ወንድሞቼም እንዲያ ነው ያደግነው። አሻንጉሊት አልነበረንም፣ መወርወሪያዋ ነበረች።

መጀመሪያ ስለ ፋይሉ። ቫን ጎህ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1890 ስለሆነ ሥዕሎቹ የቅጂ መብት የለባቸውም። የየሙዚየሞቹ ድረ ገጽ ላይ ደህና ትልቅ ፎቶ ይገኛል። ከዚያ አውርዱ እንጂ ጎግል ላይ መጀመሪያ ያገኛችሁትን አትውሰዱ። እዚያ ያለው አንዱ ቢጫ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ጠርዙ ተቆርጧል። 60 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ካንቫስ በደህና ጥራት እንዲወጣ የፎቶው ወርድ ቢያንስ ወደ 3,500 ፒክስል መሆን አለበት። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። የሚሻለው በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው፤ ሠራተኛው ስክሪኑ ላይ ሲከፍተው አብራችሁ ታያላችሁ።

ሠራተኞቹ ጨዋዎች ናቸው። ይህን በመጀመሪያ ልመስክርላቸው። ልጁ ሥዕሎቹን ከፍቶ ሲያይ «እህቴ፣ ይሄ የኛ አገር ነው እንዴ?» አለኝ። የፈረንጅ እንደሆነ ስነግረው ደግሞ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። ጥያቄዬንም ሳይሰለቹ ነው የመለሱልኝ።

ችግሩ የመጣው ከቦስተኑ ሥዕል ነው። የኑነን ዘመን ሥዕሎች አብዛኞቹ ጨለማ ናቸው። ግን ጨለማው ባዶ አይደለም። ቡናማ አለው፣ አረንጓዴ አለው፣ ውስጡ የመሸመኛው እግር፣ የሸማኔው ጫማ፣ የወለሉ አፈር አለ። ዓይን ቀስ ብሎ ሲለምድ ነው አንድ በአንድ የሚወጣው፣ ልክ ያንን ጎጆ በር ገፍቶ የገባ ሰው እንደሚያየው። ማተሚያ ቤቶች ግን ልማድ አላቸው፤ ፎቶ ደመቅ እንዲል ኮንትራስቱን ከፍ ያደርጉታል። ለሠርግ ፎቶ ጥሩ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን ጥቁሩ ሁሉ አንድ ላይ ተዋጠ። የታችኛው ግማሽ ከሰል የተደፋበት መሰለ። ሸማኔው ከወገቡ በታች ጠፋ፣ መንኮራኩሩም ግማሹ ጠፋ። የቀረው ፊትና እጅ፣ ከዚያም አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ይህ ጥቃቅን ነገር ፍለጋ አይደለም። የነዚህ ሥዕሎች ነፍስ ያለው እዚያ ነው፣ ሰውየው በዕቃው ውስጥ ተውጦ ነገር ግን ሳይጠፋ መቅረቱ ላይ። ቫን ጎህ ለሠዓሊ ጓደኛው ለቫን ራፓርድ ሲጽፍ መሸመኛውን እንጨት በእንጨት ከሳለ በኋላ ሰውየውን እንዴት እንደጨመረው ይነግረዋል። ያ ሁሉ የእንጨት ክምር አልፎ አልፎ የሰው ሲቃ ሊያወጣ ይገባል ነው የሚለው። መሸመኛ የሚነድፍ መካኒክ የሠራው ሥዕል ከጎኑ ቢቀመጥ በልክነት ይበልጠው ይሆናል፣ የሱ ሥዕል ላይ ግን እንጨቱ በላብ እጅ መቆሸሹ ይታያል። የታተመው ጥቁር ሆኖ ሲመጣ ላቡም ሲቃውም የለም። ዕቃ ብቻ ነው።

ስመልሰው ትንሽ ተከራከርን። ልጁ «ኦሪጅናሉ ራሱ ጥቁር ነው» አለ። ፋይሉን ስክሪኑ ላይ አስከፍቼ የሸማኔውን እግር በጣቴ አሳየሁት፣ ከታተመው ጋር ጎን ለጎን አስተያየነው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ጥላውን ብቻ ትንሽ አቅልሎ፣ መጀመሪያ በቁራጭ ካንቫስ ላይ ናሙና አውጥቶ አሳየኝ፣ እሱን ካየሁ በኋላ ሙሉውን አተመው። ለሁለተኛው ሕትመት ግማሽ ዋጋ አስከፈሉኝ። እኔ መክፈል አልነበረብኝም ባይ ነኝ። ጥፋቱ የነሱ ነው፤ ማንም ኮንትራስት ጨምሩ አላላቸውም። ግን የተስተካከለው ሕትመት ጥሩ ነው፣ እግሩ ይታያል፣ መንኮራኩሩም ይታያል።

ናሙና ጠይቁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄን ያዙ። የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ከሥዕሉ በጣም ጨለማ ከሆነው ቦታ ተወስዳ ትታተም። ካንቫሱም የሚያብረቀርቀው ሳይሆን ማት የሚባለው ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ላይ የሳሎን አምፖል ይታያችኋል እንጂ ሸማኔው አይታያችሁም።

ሌላው ጠርዝ ነው። የተዘጋጁ ፍሬሞች አሏቸው፣ 40 በ60 ዓይነት፣ ለሱ እንዲመች ሥዕሉን ከላይና ከታች ሊቆርጡት ፈለጉ። የሙኒኩ ሥዕል በ60 ወርድ ቁመቱ 44 አካባቢ ነው የሚመጣው። አራት ሴንቲሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እነዚህ ሥዕሎች ላይ ግን መሸመኛው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው፣ ቦታ የለም። ጎጆዎቹ በጣም ጠባብ ስለነበሩ ቫን ጎህ ወደ ኋላ ሸሽቶ ለማየት እንኳን ተቸግሮ ነበር፣ ዕቃው አፍንጫው ስር ሆኖ ነው የሳለው። ያ መጨናነቅ የሥዕሉ አካል ነው። ፍሬሙን በልክ አስቆርጡ፣ የዋጋው ልዩነት ብዙ አይደለም።

የሙኒኩ ሕትመት ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ስለሚገባ ማሽኑ ብዙም አላበላሸውም። ሰማዩ ብቻ ትንሽ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ሴትዮዋ ግን ትታያለች፣ ግንቡም ጥርት ብሏል።

ከሁሉ የበለጠው የብዕሩ ነው። እሱን በካንቫስ ሳይሆን በወፍራም ማት ወረቀት ነው ያሳተምኩት፣ በመስታወት ፍሬም። ዋጋውም ረከሰ። መስመር በመስመር ወጥቷል። የመሸመኛው ዘንጎች፣ የክሮቹ ውጥረት፣ የሕፃኑ ወንበር፣ ሁሉም አለ። ቀለም ስለሌለው ማሽኑ የሚያጠፋው ነገር የለም። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ የቫን ጎህን የብዕር ሥራዎች በወረቀት አሳትሙ፣ አትጸጸቱም። እኔ የከፈልኩት ለሁለቱ ካንቫሶች ከነፍሬማቸው ለእያንዳንዳቸው 3,800 ብር፣ ለወረቀቱ ከነመስታወቱ 2,400 ብር ነው፣ የድጋሚውን ግማሽ ሳይጨምር።

አባቴ ሥዕሎቹን ሲያዩ ምን አሉ? እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ነው የሚጠይቀኝ። መጀመሪያ ሰውየውን አላዩትም። ዕቃውን ነው ያዩት። መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ብለው ድሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ በጣታቸው ተከተሉ። የኛ አገር ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ መርገጫው እዚያ ውስጥ ነው፣ ድሩ ፊት ለፊቱ ርቆ ይወጠራል። የኔዘርላንዱ ሰው ግን ወንበር ላይ ነው፣ ዕቃው ዙሪያውን ቆሞበታል፣ ድሩም በግንድ ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። «ቤት ውስጥ ቤት ሠርተውለታል» አሉ አባቴ። ከዚያ ትከሻውን አዩ። «ይሄ ሰው ወገቡን ያመዋል።» ከዚያ መስኮቱን አዩ። መስኮት አጠገብ መቀመጡ ደግ ነው፣ ክር ሲበጠስ ያየዋል አሉ።

መንኮራኩሩ ጋ ሲደርሱ እናቴን ጠሩ። «ነይ እስኪ ሥራሽን እይ።» እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ ፈትላለች፣ ቀሰም ላይ ማግ ጠቅልላለች። ዶርዜ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ቫን ጎህ የሚስትየውን ድካም በሒሳቡ ውስጥ መቁጠሩን ስነግራት «እሱ ቆጥሮታል» አለች፣ እንዲህ ብቻ። ቆይታ ደግሞ መንኮራኩሩ ባዶ መሆኑን፣ ሴትዮዋ እንደሌለች አየች። የት ሄደች አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የማልደብቀው ነገር አለ። ቫን ጎህ ሸማኔውን ሁልጊዜ በክብር አይጠራውም። ለቫን ራፓርድ በጻፈው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ዱላዎቹን የሚያንኳኳ ጥቁር መንፈስ ዓይነት ነገር አድርጎ ይገልጸዋል። ይህን ሳነብ ቅር አለኝ። ሥዕሎቹን ደጋግሜ ሳይ ግን ሰውየውን ሊያዋርደው የፈለገ አይመስለኝም። ያ ዕቃ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ነው ያየው። ሸማኔ ፊቱ ፈገግ ብሎ አይሠራም። አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ዓይኑ ክሩ ላይ ነው።

«ለምን የኛን ሠዓሊ ሥራ አልገዛሽም?» ያሉኝም አሉ። ጥያቄው ልክ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ የሸማኔ ሥዕል ሞልቷል፣ እኔም ዞሬ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ላይ ነጠላው ነጭ፣ ፀሐዩ ደማቅ፣ ሸማኔው ደስተኛ ነው። ለቱሪስት ነው የተሠሩት፣ ለዚያም ጥሩ ናቸው። የሽሮ ሜዳን ክፍል፣ ጉድጓዱን፣ ቅዝቃዜውን፣ በአንድ አምፖል የሚሠራውን ሌሊት ግን እዚያ አላገኘሁትም። እዚህ አገር ሸማኔ የሚያምር ልብስ ሠርቶ እያለበሰ ራሱ ሲናቅ ነው የኖረው። በ1900 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፣ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ በስም ተጠቅሶ። አባቴ በልጅነታቸው ያንን ስድብ ሰምተዋል፣ ከአዋጁ ስንት ዘመን በኋላ። እንግዲህ አንድ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ይህን ካነበበ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ሩቅ አይደለም። ሄዶ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይቀመጥና ይሳል። የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ።

ስለ አገልግሎቱ የቀረኝ ትንሽ ነው። ከተባለው ቀን ዘግይተው ነው ያደረሱት፣ ስደውል ግን እውነቱን ይነግሩኝ ነበር፣ «ደርሷል ነይ» ብለው አላመላለሱኝም። ማሸጊያቸው ደካማ ነው። ካንቫሱን በስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው የጠቀለሉት፣ በታክሲ ለሚሄድ ሰው ማዕዘኑ ይመታል፣ ስለዚህ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። የፍሬሙ እንጨት ጥሩ ነው፣ ከኋላ የመስቀያው ሽቦ ግን ላላ ያለ ስለነበር ቤት አጥብቀነዋል። ደረሰኝ ሳልጠይቅ ሰጥተውኛል።

ደግሜ አሳትማለሁ? አዎ፣ እዚያው። ቀጥሎ የማስበው ኔዘርላንድ ክሮለር ሙለር ሙዚየም ካሉት የሸማኔ ሥዕሎች አንዱን ነው፣ በዚህኛው ግን ናሙናውን ሳላይ ቀብድም አልከፍልም። እናንተም ለበዓል ስጦታ ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ በበዓል ሰሞን የሚታተመው ሁሉ የሠርግና የምርቃት ፎቶ ነው፣ ጨለማ ሥዕል በእርጋታ የሚያስተካክል ሰው አታገኙም።